የ214 እድፍ

ማይንዝ፣ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ቦሰና፣

አዲሱ ዓመት ለእርስዎም ለልደታ ጎረቤቶችዎም የጤናና የሰላም ይሁን። ድንገት ስጽፍልዎ ግራ እንዳይገባዎ፤ እኔ የአጎትዎ ልጅ የጴጥሮስ ልጅ፣ ክርስቲያን ነኝ። ከአገር ስወጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከእርስዎ የማስታውሰው ጥፍርዎ ሥር ገብቶ የማይለቀውን ቢጫ ቀለምና፣ ጌጃ ሰፈር ቤትዎ በር ላይ ቆመው «ጫማህን ጠርገህ ግባ!» የሚሉትን ድምፅዎን ነው። አድራሻዎን ያገኘሁት ከጎረቤትዎ ከነስሪን ነው። ለበረራ ሥራዋ ፍራንክፈርት መጥታ አንድ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ተገናኘን፤ ቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው ስትለኝ፣ ለጌጃ ሰፈር ቅርብ ስለሆነ ስምዎን ጠራሁላት። ጆሮዎ በባቡር ወርክሾፑ መዶሻ ድምፅ ተጎድቶ ስልክ እንደማያናግሩ የነገረችኝም እሷ ናት። ስለዚህ ይህን በእጇ ልኬያለሁ።

ጉዳዬ ይህ ነው። እዚህ አገር ትንንሽ ባቡር መሥራት የብዙ ትልልቅ ሰዎች ፍቅር ነው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። አባባ መጀመሪያ «በዚህ ዕድሜህ መጫወቻ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግን አንድ ቀን ምድር ቤት ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠና መቁረጫውን ከእጄ ወሰደ። ያን ቀን የጀመረው እሱ ራሱ ይነዳት የነበረችውን ሎኮሞቲቭ፣ 214ን ነው። ከእውነተኛዋ ሰማንያ ሰባት ጊዜ ታንሳለች፤ ርዝመቷ ስንዝር አይሞላም። እንደ እሷ ያለ ሞዴል በሱቅ ስለማይገኝ አካሏን ከናስ ቆርቆሮ ቆርጦ በየደው። ሞተሩና እግሮቹ ካረጀ ሞዴል ተነቅለው፣ ለአገራችን ጠባብ ሐዲድ እንዲመቹ ተደርገው የገቡ ናቸው። የደረጃዋ መያዣ የጊታር ክር ነው።

አሁን የጎደላት ቁጥሯ ብቻ ነው። በእውነተኛዋ ላይ ቁጥሩን የጻፉት እርስዎ ነዎት። አባባም «ከቦሰና ሌላ ማንም አይጽፍባትም» ብሏል። ፈቃድዎ ከሆነ በነስሪን እጅ እልክልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣ ክርስቲያን ጴጥሮስ


ልደታ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለክርስቲያን፣

ልደታ ማርያም ካሰብከው ታድርስህ፤ ከክፉ ዓይንም ትሰውርህ። ነስሪን ደብዳቤህን ስትሰጠኝ መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር። የጴጥሮስ ልጅ አድጎ ለእኔ ደብዳቤ ጻፈ! ፊደልህም ያምራል፤ ማን እንዳስተማረህ አውቃለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ እንዳልከው ነው፤ ዓይኔ ግን አምና ሞራው ተገፎልኝ የመርፌ ቀዳዳ አይስትም። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ጉልበቴን ፈጀው እንጂ ከመስኮቴ ሥር የከተማው ባቡር ሲያልፍ አያለሁ። ድምፁን ባልሰማውም የመስኮቱ መስታወት ሲንቀጠቀጥ በእጄ አውቀዋለሁ።

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጴጥሮስ እጁ ምን ሆነና ነው አንተን የሚያጽፍህ? ስንት ዘመን ጠፍቶ፣ ቁጥር ሲያምረው በልጁ አፍ ያስጠይቀኛል? አውሮፓ ሰው ላይ ኩራት ይጨምራል ልበል?

አባትህና እኔ በሥራ ላይ አንድ ቀን ተስማምተን አናውቅም። ከቆላ ሲመጣ ማሽኗን በአቧራና በቅባት አልብሶ ያመጣትና «ቁጥሩ ደብዝዟል፤ ጻፊበት» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሳይታጠብ ቁጥር አልጽፍም። የቀለም ክፍሉ ሕግ ነው፤ ቅባት ላይ ቀለም አይዝም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ሻዩ ነበር። እየነዳ ሻይ ይጠጣና ዝቃጩን በመስኮት ይደፋዋል። ከእሱ መስኮት ሥር ሁልጊዜ አንድ ቡናማ መስመር አለ። እሱን መስመር ስንት ጊዜ እንደጠረግኩት እግዜር ነው የሚያውቀው። ስጮህበት «ፊርማዬ ነው» ይለኛል፣ የማያፍር!

ላካት። ብሩሼን ሦስት ጸጉር አስቀርቼ ሌላውን በምላጭ ቆርጬዋለሁ። ለእሱም ራሱ እንዲጽፍልኝ ንገረው።

አክስትህ ቦሰና


ማይንዝ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ጤናዎ ይብዛልኝ። ደብዳቤዎን ለአባባ አነበብኩለት። ስለ ሻዩ የጻፉት ጋ ስደርስ ፈገግ አለ።

214 በዚህ ሳጥን ውስጥ ናት። እባክዎ ከቁጥሩ በስተቀር የሚያስፈልጋት ነገር የለም፤ በሁለቱም ጎን ቁጥሩን ብቻ ይጻፉልን። አባባ ደህና ነው። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ መጻፉ ከብዶታል። ከተቻለ ቶሎ ብትመለስ ደስ ይለኛል፤ ጠዋት ጠዋት የት አለች እያለ ይጠይቀኛል።

አክባሪዎ፣ ክርስቲያን


ልደታ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለክርስቲያን፣

ሰላምና ጤና ከነአባትህ ይብዛልህ። እኔ ሰሞኑን የሃያ ዓመት ልጅ ሆኛለሁ።

ሳጥኑን ስከፍት ምን እንዳየሁ ልንገርህ? ያቺ ማሽን! በሯ፣ መሰላሏ፣ ፋኖሷ፣ ምንም የቀረ የለም። ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ ጠጋ ብዬ ሳያት በሳቅ ሞትኩ። ይሄ ሰውዬ እስከ ዛሬ አልተወኝም! ጣሪያዋ ጥላሸት፣ እግሮቿ ዝገት፣ ጎኗ እስከ ወገቧ አቧራ፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ የሻዩ መስመር! «እስቲ ትጽፊ እንደሆነ አያለሁ» ማለቱ ነው። ነስሪንን ጠርቼ አሳየኋት፤ እሷም ሳቀች።

ታዲያ እኔ እሸነፋለሁ? በነጭ ጋዝ ጥጥ ነክሬ፣ በሕፃን የጥርስ ብሩሽ እያንዳንዱን ጥግ ፈተግኩት። የሻዩን መስመርማ ለመጨረሻ አቆይቼ፣ ተደስቼ ነው የጠረግኩት። ከታች የወጣው አረንጓዴ ስለደበዘዘብኝ ተክለ ሃይማኖት ወርጄ ቀለም አስመስዬ አምጥቼ ዳግመኛ ቀባኋት፤ ቢጫውንም መስመር አደስኩት። ሦስት ቀን አድርቄ ቁጥሩን ጻፍኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። 2ቷን እንደ ድሮው አንገቷን ትንሽ ሰበር አድርጌያታለሁ፤ ጴጥሮስ ያውቃታል።

ይኸው ሙሽራ አስመስዬ ልኬልሃለሁ። ለእሱ «ቦሰና አሸንፋሃለች» በልልኝ። እንዲያ ሲባል መልስ መጻፉ አይቀርም።

አክስትህ ቦሰና


ልደታ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለክርስቲያን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ገናም ጥምቀትም አለፈ፤ ከእናንተ ድምፅ የለም። ነስሪን ሳጥኑን በእጅህ እንደሰጠችህ ነግራኛለች። እፊቷ ከፍተህ አይተህ ወዲያው እንደዘጋኸውም ነግራኛለች። ደክሞት ይሆናል አለችኝ፤ እኔ ግን ደስ አላለኝም። 2ቷ አላማረችም እንዴ? ጴጥሮስ ተቆጣ? ቢቆጣም ቁጣውን ይጻፍልኝ፤ ከዝምታው እሱ ይሻለኛል።

ቦሰና


ማይንዝ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ቦሰና፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ የቀደድኩትን ደብዳቤ ነው አሁን የምጽፍልዎ። አባባ ደህና አይደለም። ደህና ነው ብዬ የጻፍኩልዎ ውሸት ነበር።

የመርሳት በሽታ ከያዘው ቆይቷል። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ የእናቴን መሞት ረሳ። ደጋግሞ ስለሚጠይቀኝ ደጋግሜ አረዳሁት፤ በኋላ «ገበያ ሄዳለች» ማለት ጀመርኩ። ስሜ ሲጠፋበት እንኳ ግን 214 አልጠፋችበትም። እኛ ሞዴል ሠሪዎች አንድ ልማድ አለን። ማሽን ተሠርታ ከተቀባች በኋላ የመጨረሻውና ከባዱ ሥራ ማቆሸሽ ነው። አዲስ ሆና ከቀረች መጫወቻ ትመስላለች፤ ስለዚህ ጥላሸቱን፣ ዝገቱን፣ አቧራውን በዱቄት ቀለምና በትንሽ ስፖንጅ እናስቀምጥባታለን። አባባ ክረምቱን ሙሉ የሠራው እሱን ነው። ማን እንደሆንኩ ጠፍቶት፣ ጭሱ ጣሪያው ላይ የት ድረስ እንደሚተኛ ግን ያውቅ ነበር። ያ እድፍ ቀልድ አልነበረም፣ አክስቴ። የቀረው ትዝታው እሱ ነበር።

የታጠበችውን ስሰጠው አገላብጦ አያት። መስኮቷን በጣቱ ነካው። «የእኔ አይደለችም» አለና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ወዲህ ምድር ቤት አልወረደም፤ አንድ ቃልም አልተናገረም። ምግብ ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ሰኔ ላይ ወደ አረጋውያን ማዕከል ይገባል፤ ብቻዬን ከዚህ በላይ አልቻልኩም። የሚወደውን አንድ ዕቃ አልጋው አጠገብ ማስቀመጥ ይቻላል ብለውኛል። እሷን ነበር ያሰብኩት።

እርስዎን መውቀስ አልፈልግም። ግን ቁጥሩን ብቻ ብዬ ጽፌ ነበር። ለምን አልጠየቁኝም?

ክርስቲያን


ልደታ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለክርስቲያን፣

ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ። ይቅር በለኝ።

ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ እጄን ባየሁት ቁጥር ልቆርጠው ይቃጣኛል። ያን መስመር እየሳቅሁ ነው የጠረግኩት። ጴጥሮስ ተቀምጦ በስንት መከራ ያስታወሰውን፣ እኔ እየሳቅሁ! ልደታ ማርያም ሄጄ ከደጇ ተቀመጥኩ፤ መግባት ስላፈርኩ ውጪ አለቀስኩ።

ግን አንተም ስማኝ። ለምን አልጠየቁኝም ትለኛለህ፤ አንተስ ለምን አልነገርከኝም? ደህና ነው አልከኝ። ፈገግ አለ አልከኝ። እኔ የማውቀው ጴጥሮስ አሹፎ የሚልክ ጴጥሮስ ነው፤ ሌላ ጴጥሮስ መኖሩን ማን ነገረኝ? የአጎቴ ልጅ እኮ ነው። አንድ ቤት ነው ያደግነው። ሲታመም መስማት አይገባኝም?

ደግሞም ይሄ የማቆሸሽ ነገር ከየት ይመጣልኛል? እኔ ዕድሜ ልኬን የተከፈለኝ ለማጽዳት ነው። ሰው ቆሻሻን ተጨንቆ ይሠራል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። መልሰህ ላካት። ቁጣህን አስቀምጠውና ላካት። የ214ን እድፍ ከጴጥሮስ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ስጠርገው የኖርኩት እኔ ነኝ። የት እንደሚወፍር፣ የት እንደሚሳሳ፣ የቱ በጨርቅ የቱ በቢላ እንደሚለቅ ጣቴ ያውቀዋል።

ቦሰና


ማይንዝ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

እንደምን አሉ? እንዳልነግርዎ ያስማለኝ አባባ ራሱ ነበር፤ ገና ራሱን ሲያውቅ «ቦሰና እንደ ድሮዬ ትወቀኝ» ብሎኝ። ቢሆንም ልክ ነዎት፤ መናገር ነበረብኝ።

ልኬያታለሁ። ከመታጠቧ በፊት ያነሳኋት አንድ ፎቶ አለ፤ የደበዘዘ ነው፣ ብዙም አይረዳዎ ይሆናል። አባባ በጣም ከስቷል። ከዚህ በላይ የምናበላሸው ነገር ስለሌለ እንዳሰቡት ያድርጉት።

ክርስቲያን


ልደታ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለክርስቲያን፣

እመቤታችን ልብህን ታሳርፍልህ፤ ለአባትህም ምሕረቷን ታውርድለት። ነስሪን በረራዋ ወደ ሌላ አገር ተቀይሮባት ነው የዘገየሁት፤ እስኪመለስላት ቀን ስቆጥር ከረምኩ።

ፎቶህን አላየሁትም። አስቀመጥኩት። ፎቶ እያዩ መሥራት ሌላ ሰው ያደርገኛል ብዬ ፈራሁ። ሻማ ለኩሼ ከቆርቆሮ ላይ ጥላሸት ሰበሰብኩ። ተክለ ሃይማኖት ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄጄ ዝገት በወረቀት አራገፍኩ፤ ሰውዬው «እማማ፣ ብረቱንስ?» ቢለኝ «ብረቱን ለራስህ» አልኩት። እንዳበድኩ ነው ያየኝ። አቧራው ከመስኮቴ ደፍ ላይ ነው። ቅባት ከጌጃ ሰፈር ጋራዥ ለመንኩ።

መጀመር ግን አቃተኝ። ቀኝ እጄ ጥላሸቱን ሲያሳርፍ ግራ እጄ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ሳላውቀው ጠርጌዋለሁ። መጨረሻ ላይ ጨርቁን ሁሉ ለነስሪን ሰጥቼ ደብቂብኝ አልኳት። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ወርክሾፑ ውስጥ እንደቆምኩ፣ ማሽኗ አሁን ገብታ እንደቆመች አሰብኩ። የት ነበር ጨርቄን መጀመሪያ የማሳርፈው? እዚያ ጥላሸት። ወገቤን የሚያመኝ የቱን ስጠርግ ነበር? እዚያ ዝገትና ቅባት። ከበሩ መያዣ ዙሪያ ንጹህ ነው፤ እጅ ስለሚነካው። የመጀመሪያው የመሰላል እርካብ ጫፉ ተልጧል፤ ጴጥሮስ ዘሎ ነው የሚወጣው፣ እሱንም በምላጭ ላጥኩት።

ከሁሉ የከበደኝ ቁጥሬን ማቆሸሽ ነበር። ግን አዲስ ቁጥር በአሮጌ ማሽን ላይ አባትህን ያሳስተዋል ብዬ አቧራውን በላዩ አሳለፍኩት። የሻዩን መስመር የሳልኩት በራሱ በሻይ ነው፤ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ሁለት ቦታ እየተሰበረ እስከ ቢጫው መስመር። ሁሉም እንዳይለቅ ነስሪን የጸጉር ስፕሬይዋን ነፋችበት። ሻዩን ግን አላስነፋሁም፤ ስፕሬዩ ያንጸባርቀውና ቀለም ይመስላል።

ካላወቃትም አትደብቀኝ። እንደሆነው ጻፍልኝ።

አክስትህ ቦሰና


ማይንዝ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አክስቴ፣

ልደታ ማርያም እጅዎን ትባርክልኝ። እንደሆነው እጽፍልዎታለሁ።

ወደ ማዕከሉ ከመግባቱ በፊት በነበረው እሑድ ነው የሰጠሁት። መስኮቱ አጠገብ እንደተለመደው ተቀምጦ ነበር። ጭኑ ላይ አስቀመጥኳትና ራቅ ብዬ ቆምኩ። ቶሎ አልነካትም። ከዚያ አውራ ጣቱን የመጀመሪያው እርካብ ላይ፣ እርስዎ የላጡት ቦታ ላይ አሳረፈ። ጣሪያውን ዳሰሰ። ጥላሸት ነክቶት እንደሆነ ጣቱን አየ። መስኮቷ ጋ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። ደስታ መስሎኝ ነበር፤ ድንጋጤ ነው። ወደ በሩ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ የሹራቡን እጅጌ ጎትቶ በምራቁ አረጠበና የሻዩን መስመር መጥረግ ጀመረ።

እንደገና ሊጠፋ ነው ብዬ እጁን ያዝኩት። ገፋኝ።

«ተወኝ! ቦሰና ሳትመጣ!» አለኝ።

ከዚያ ሁሉ ወር ዝምታ በኋላ የተናገረው ይህን ነው። ማን እንደሆንኩ አላወቀም፤ የድሮ ረዳት ነጂው መስዬዋለሁ። «ምን ትገተራለህ፣ ጨርቅ አምጣ። እንዲህ ካየችው ቁጥር አትጽፍልንም» አለኝ። መሐረቤን ሰጠሁት። አብረን ጠረግነው። እንባዬ እየወረደ እስቅ ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም፣ ቸኩሎ ነበር። ሲጨርስ ቁጥሩን ከአቧራው ሥር አየና 2ቷን በጣቱ ተከተላት። «ጽፋዋለች እኮ» አለ። ከዚያ እፎይ ብሎ ሾርባውን ጠጣ።

እንዳሰብኩት ወደ ማዕከሉ ይዟት ገባ። መልኬን አልለየውም፣ አሁንም አይለየኝም፤ ይህን አልደብቅዎትም። ጠዋት ጠዋት ግን ከ214 መስኮት ሥር ይጠርጋል፤ የሚጠርገው ነገር የለም፣ መስመሩ በመጀመሪያው ቀን ጠፍቷል። የሚፈልገውን ሲያጣ ግራ እየገባው ነርሶቹን ይጠራል።

ስለዚህ አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ። ያን ሻይ እንዴት አድርገው እንዳፈሉት ይጻፉልኝ፤ ቅጠሉ ምን ያህል፣ ስኳር አለው ወይስ የለውም። ማታ ከሥራ ስመለስ ላየው ወደ ማዕከሉ እገባለሁ። ሲተኛ መስመሩን ልመልስለት፤ ጠዋት እርስዎ ሳይመጡ የሚጠርገው እንዲያገኝ።

ልጅዎ ክርስቲያን